አራት ደቂቃ ቀድሞ ስለደረሰው ቶፉ

ለክቡር አቶ ሺኖዳ ያሱታካ
የፓምፕ ፋብሪካው የአቅርቦትና የዕቃ ዝውውር ማሻሻያ ክፍል ኃላፊ

ክቡርነትዎ፣ የዝናቡ ወር አልፎ ይህ ልብስን ከገላ የሚያጣብቅ ሙቀት ከገባ ወዲህ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ እንዲሁም በቢሮዎ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉት ሰዓቶች በሙሉ ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

ምናልባት ረስተውኝ ከሆነ ሙራኮሺ ቶሚዬ እባላለሁ። ከፋብሪካዎ ዋና በር ትይዩ፣ ከመንገዱ ማዶ ቶፉ ሠርታ የምትሸጠው አሮጊት ነኝ። አኩሪ አተር ዘፍዝፌ፣ ፈጭቼ፣ ወተቱን አፍልቼ እንደ አይብ አረጋለሁ፤ ከሚረጋውም ከሦስት እጁ ሁለቱን ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ለፋብሪካዎ ሠራተኞች ምሳ ቤት ሳቀርብ ኖሬያለሁ። ከደጄ እስከ ምሳ ቤቱ በር ስልሳ እርምጃ ነው፤ ጉልበቴን ሲያመኝ ስልሳ አምስት ይሆናል። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ክፍልዎ ሥራን ለማሻሻል ያደረገውን ጥረት ለማመስገን ሲሆን፣ ምስጋናዬ ስለበዛ በቁጥር ከፋፍዬዋለሁ።

አንደኛ፦ ክምችት ብክነት ነው ብላችሁ ትልቁን መጋዘን አፍርሳችሁ ሣር ስለተከላችሁበት አመሰግናለሁ። ሣሩ በጣም ያምራል። እያንዳንዱ ዕቃ በሚፈለግበት ደቂቃ ብቻ፣ ሳይቀድምና ሳይዘገይ በበሩ እንዲገባ ማዘዛችሁም ከሩቅ አገር ሰዎች እየመጡ ማስታወሻ የሚይዙለት ጥበብ እንደሆነ ሰምቻለሁ። እኔ ባልተማረ ዓይኔ በመስኮት የማየው ግን ደቂቃቸውን የሚጠብቁ አሥራ አራት የጭነት መኪናዎች ከሱቄ እስከ ወንዙ ድልድይ ተሰልፈው ነው። መጋዘኑ አልጠፋም፤ ጎማ ተገጥሞለት ደጄ ላይ ቆመ እንጂ። የመጸዳጃ ቤቴንም በር ሹፌሮቹ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል።

ሁለተኛ፦ የቆሙት መኪናዎች ጭስ ቶፉዬ ላይ እያረፈ ተቸገርኩ ብዬ በሰኔ መጀመሪያ ባመለከትኩ ማግስት «ቆሞ የሚጠብቅ መኪና ሁሉ ሞተሩን ያጥፋ» የሚል ሰሌዳ ስላቆማችሁልኝ አመሰግናለሁ። እንዲህ ያለ ፈጣን ምላሽ ከከተማው አስተዳደር እንኳ አግኝቼ አላውቅም። ነገሩ ወዴት እንደሚያመራ እናንተም እኔም አላሰብነውም፤ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ሦስተኛ፦ በጥር ወር ቶፉዬን የማስገባበት ሰዓት ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ከሰባት ደቂቃ እንዲሆን ወሰናችሁ። እኔ ቀጠሮ ላይ ቀድሞ መገኘት ጨዋነት ነው ተብዬ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ እርስዎም ሌላ ነገር ተብለው ያደጉ አይመስለኝም። ስለዚህ አምስት ሰዓት ከሦስት ላይ ጋሪዬን እየገፋሁ ደረስኩ። የበሩ ተቆጣጣሪ ወይዘሪት ሚዙሺማ አንገታቸውን ደፍተው ይቅርታ እየጠየቁ ቀይ ምልክት አደረጉብኝ። በደብዳቤ ውስጥ ወሬ ማስገባት ነውር ቢሆንም የተባባልነውን ቢሰሙት ይሻላል።

«ወይዘሮ ቶሚዬ፣ አራት ደቂቃ ቀድመዋል።»

«ታዲያ ምን ይሻላል ልጄ?»

«እባክዎ ትንሽ ዞር ዞር ብለው ይመለሱ።»

«ወዴት ልዙር? ቤቴ ያውልሽ፣ ይታይሽ የለ?»

«እሱማ ይታየኛል። ግን ኮምፒውተሩ ላይ እርስዎ ገና አልመጡም።»

ነገሩ አራት ጊዜ ሲደጋገም የስህተቱን ምንጭ የሚያጣራ ቅጽ ተላከልኝ። ቅጹ «ለምን?» እያለ አምስት ጊዜ ይጠይቃል፤ በታማኝነት ሞላሁት። ለምን ቀድመው ደረሱ? ቀድሜ ስለወጣሁ። ለምን ቀድመው ወጡ? ቶፉው ስለደረሰልኝ። ለምን ቶሎ ደረሰ? ሥራ በጊዜ ስለጀመርኩ። ለምን በጊዜ ጀመሩ? ስለነቃሁ። ለምን ነቁ? የሰባ አንድ ዓመት ሴት ስለሆንኩና ሽንት ስለሚቀሰቅሰኝ። ቅጹ በሳምንቱ ተመለሰ፤ ከሥሩ «ችግሩ ዳግም እንዳይከሰት የሚወሰደው እርምጃ አልተገለጸም» ተብሎ በቀይ ተጽፎበታል። ክቡርነትዎ፣ ለጊዜው የሚታየኝ እርምጃ መሞቴ ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን ቀኑን ቆርጬ ልነግርዎ አልችልም።

አራተኛ፦ በግንቦት ወር፣ የአቅራቢዎችን ቁጥር ለመቀነስ ሲባል ቶፉ ከሰኔ አጋማሽ ጀምሮ ከተራራው ማዶ፣ መቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ርቆ ከሚገኝ ትልቅ ድርጅት እንደሚመጣ የሚያስታውቅ ባለ ሁለት መስመር ደብዳቤ ደረሰኝ። እዚህ ላይ ቀልዱን ለአፍታ ልተወው። ያን ቀን በርጩማዬ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከምሳ ቤቱ ሌላ የሚገዛኝ የሰፈር ሰው ከሃያ ቤት አይበልጥም፤ በሃያ ቤት ብቻ ምድጃዬ አይነድም። ባለቤቴ ኢዋኦ ሲሞት ያልዘጋሁትን ሱቅ እናንተ በሁለት መስመር ልታዘጉኝ መሆኑ አንገበገበኝ። የወረቀታችሁ ጥራት ግን ግሩም ነበር፤ ስለ እሱ አመሰግናለሁ።

አምስተኛ፦ ይህኛው ምስጋና ረዘም ስለሚል ውሃ ይጠጡበት። አዲሱን ቶፉ የሚያመጣው ማቀዝቀዣ ያለው መኪና እንዳይዘገይ በመፍራት ሁለት ሰዓት ቀድሞ ይደርሳል። ደቂቃው እስኪደርስ በሩ ጋ መቅረብ ስለማይፈቀድለት እኔ ደጅ ይቆማል። ሰሌዳውን አክብሮ ሞተሩን ያጠፋል፤ ሞተሩ ሲጠፋ ማቀዝቀዣውም አብሮ ይጠፋል። ሹፌሩ ኦባታ ይባላል፤ ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ባልሠራው ጥፋት ሁሉ ይቅርታ የሚጠይቅ ደግ ሰው ነው። ሥራ በጀመረ በሁለተኛው ቀን በሬን አንኳኳ።

«እማማ፣ ጉድ ፈላብኝ! እስኪ ይችን ያሽትቱልኝ።»

አሸተትኩለት። «ልጄ፣ ይሄን እንኳን ለሰው ለድመትም አትስጥ።»

«ሞተሩን ላስነሳው ይሆን?»

«ሰሌዳው ምን እንደሚል አላየህም? እኔው ነኝ ያስተከልኩት፤ አፌን በቆረጠው!»

«ታዲያ ምን ይዋጠኝ? አምስት ሰዓት ከሰባት ላይ ባዶ እጄን ብገባ አለቃዬ በሕይወት አይተወኝም።»

አለቃው በስልክ ሲለመን «ከየትም አምጣ፤ ብቻ ደቂቃዋ እንዳታልፍ» አለ። ክቡርነትዎ፣ በዚያን ዕለት እኔው ያረጋሁት ቶፉ ከሱቄ ተገዝቶ በማቀዝቀዣ መኪና ተሳፍሮ፣ ስልሳ እርምጃ በክብር ተነድቶ፣ ልክ በአምስት ሰዓት ከሰባት ደቂቃ በርዎን አለፈ። ወይዘሪት ሚዙሺማም አረንጓዴ ምልክት አደረጉለት። ሦስት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ እንዲሁ ሆነ። ከተራራው ማዶ የሚመጣው ቶፉ መቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር እየተጓዘ ወንዝ ዳር ላለው የአሳማ አርቢ ይደርሳል፤ የአሳማዎቹ አቅርቦት እጅግ ተሻሽሏል።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ክፍልዎ የወሩን ውጤት በሩ ላይ ለጠፈ። አቅራቢው ከተቀየረ ወዲህ ቶፉ መቶ በመቶ በሰዓቱ እንደደረሰ፣ ሠራተኞችም ጣዕሙ መሻሻሉን እንደመሰከሩ በትልልቅ ፊደል ተጽፏል። እንኳን ደስ ያለዎት። ሠላሳ አንድ ዓመት በራሱ ስም ሲገባ አንድም ቀን «ጥሩ ነው» ያልተባለ ቶፉ የሌላ ሰው ስም ሲይዝ ተመሰገነ። ደስም አለኝ፤ አንጀቴም አረረ። ማንበቤን ስጨርስ ማስታወቂያው ፊት ቆሜ እንደ ሞኝ እጅ ነሣሁ።

ኦባታን ለመቅጣት መዝገብ በማገላበጥ እንዳይደክሙ፤ ከዓርብ ጀምሮ በራሱ ጥያቄ ብሎንና ምስማር ወደሚጭን መስመር ተዛውሯል። ብሎን ሞተር ቢጠፋም አይሸትምና እፎይ ብሏል። ተተኪው ሹፌር ትናንት መጥቶ ሲያንኳኳ አልሸጥም ብዬ መልሼዋለሁ። በሰው ስም የሚገባ ቶፉ ከእንግዲህ አላረጋም። የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ቶፉዬን በራሴ ጋሪ፣ በራሴ ስም፣ መንገዱን ተሻግሬ እንዳስገባ ይፈቀድልኝ። ካልተፈቀደ በወሩ መጨረሻ ምድጃዬን አጥፍቼ ሱቁን እዘጋለሁ፤ ባዶውን ቤት መጋዘን ልታደርጉት ትችላላችሁ።

ያልታቀደ ደቂቃዎን ስለወሰድኩ ጉልበቴ በሚፈቅድልኝ መጠን ዝቅ ብዬ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ይህ ደብዳቤ ከቤት ቤት በሚዞረው የሰፈራችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተያያዘ በመሆኑ፣ አንብበው ሲጨርሱ እንደ ማንኛውም ጎረቤት ማንበብዎን የሚያሳይ ማኅተምዎን አድርገው ለቀጣዩ ቤት እንዲያሳልፉት በትሕትና አሳስባለሁ። ከእርስዎ ቀጥሎ ያለው የፋብሪካው ዋና ሥራ አስኪያጅ እናት ቤት ነው፤ እሳቸው ደግሞ ማንበብ ይወዳሉ።

የክፍልዎን ውጤት በእጇ አርግታ ያስመዘገበች፣ ታዛዥ ጎረቤትዎ
ሙራኮሺ ቶሚዬ

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ የፊታችን ሐሙስ ከዋናው መሥሪያ ቤት የሚመጡ እንግዶች የተሻሻለውን አሠራር ጎብኝተው ምሳ ቤት ውስጥ በዝንጅብል የቀረበ ቀዝቃዛ ቶፉ እንደሚጋበዙ ሰማሁ። ከመቅረቡ በፊት አንድ ሰው ቢያሸተው መልካም ነው። ለማሽተት የተመደበ ደቂቃ ከሌላችሁ ወደ እኔ ላኩት፤ በነፃ አሸትላችኋለሁ።