ለመርታት ያልሆነ ክርክር

ሰኞ
አባባ ዛሬም ያንኑ ደገሙት። ከዐቢይ ጾም በፊት ነአኩቶ ለአብ ዋሻ ገዳም ገብተው ሊመነኩሱ ነው። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። ስኳር አለባቸው። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ኢንሱሊኑን ጠዋትና ማታ የምወጋቸው እኔ ነኝ። «አይሆንም!» ብዬ ጮህኩባቸው።

ነገ ደግሞ ለክርክር ክበቡ ተማሪዎች ዲያሌክቲክ ምን እንደሆነ አስረዳለሁ። አባቷ ላይ የምትጮህ መምህር!

ማክሰኞ
ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት፦ ዲያሌክቲክ ማለት በጥያቄና በመልስ፣ በምክንያት እየተመሩ እውነቱን አብሮ መፈለግ። አንዷ ተማሪ «ቲቸር፣ ከክርክር በምን ይለያል?» አለች። «ለክርክር የምትገቢው ለመርታት ነው። እዚህ ግን ሐሳብሽን ለመቀየርም ተዘጋጅተሽ ነው።» ስናገረው አማረልኝ።

ቤት ገብቼ ሞከርኩት። ጥያቄዎቼን በወረቀት ይዤ፦ መርፌውን ማን ይወጋዎታል? ቢያዞርዎት ማን ያያል? መድኃኒቱ ያለ ፍሪጅ እንዴት ይቆያል?

ሰምተው ሰምተው፣ «ይሄማ ፍርዱን ጽፎ የመጣ ዳኛ ጥያቄ ነው» አሉኝ።

አፈርኩ።

ረቡዕ
ጤና ጣቢያ ሄጄ ነርሷን ጠየቅኳት። ኢንሱሊኑ በእርጥብ ሸክላ ውስጥ፣ ቀዝቃዛ ቦታ ቢቀመጥ ሳይበላሽ ይሰነብታል አለችኝ። ዋሻው ደግሞ ቀዝቃዛ ነው። ደስ አላለኝም። ለምን? ልደብቃቸው ይሆን?

ሐሙስ
ነገርኳቸው። ትክ ብለው አዩኝ።

«ይሄ እኮ ለእኔ ሐሳብ ነው የሚያግዘው።»

«አዎ፣ አባባ።»

ከዚያ መልሱን የማላውቀውን ጥያቄ ጠየቅኳቸው፦ ለምን አሁን?

«ባሕር ዳር የትምህርት ዕድል አግኝተሽ በእኔ ምክንያት መቅረትሽን ጎረቤቶች ነገሩኝ። እኔ ካልመነኮስኩ አትሄጂም።»

«ታዲያ የሚመነኩሱት ለእግዜር ነው ለእኔ?»

ድፍረቴ ራሴን አስደነገጠኝ። እሳቸው ግን አልተቆጡም። «እሱን እኔም አላጣራሁትም። አንቺስ፣ በእውነት የቀረሽው ለእኔ ብለሽ ነው?»

አዎ ልል ነበር። አፌ እንቢ አለ። በሠላሳ ስምንት ዓመቴ ከልጆች ጋር ተቀምጬ መማር ፈርቼ እንደሆነ ነገርኳቸው። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። አባባ ጉልበቴን ቸብ ቸብ አደረጉኝ።

ዓርብ
ጠዋት አባባ የንስሐ አባታቸው ዘንድ ሄደው ሁሉንም አጫወቷቸው። ካህኑ ሱባዔ ይያዙና እንነጋገርበታለን ብለዋቸዋል። እኔም ከሰዓት ባሕር ዳር ደወልኩ። ቦታዬ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ እንደሆነ አጣርተው ሰኞ ይነግሩኛል።

የትኛውን መልስ እንደምመኝ ገና አላውቅም።