እማዬ ያሟሸችው ነጭ ሲኒ

ለወንድም ዓለሜ ለባፈና፤

እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህስ? ያ የፋብሪካው አቧራ ያመጣብህ ሳል ተወህ ወይ? ምሳህንስ በሰዓቱ ትበላለህ ወይስ እንደ ልጅነትህ ሥራ ከያዝክ ረሃብህንም ትረሳለህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የጎደልከን አንተ ብቻ ነህ።

የላክሃቸው ሲኒዎች ደርሰውናል። ባለሱቁ ከሚል ከአዲስ አበባ ዕቃ ጭኖ ሲመለስ ካርቶኑን እንደ አራስ ልጅ አቅፎ ነው ያመጣልን። መንገድ ላይ አንድም አልተሰበረም። የተሰበረው እኛ እጅ ከገባ በኋላ ነውና ልንገርህ፣ ደግሞ እንዳትቆጣ።

ደብዳቤህን ለእማዬ አነበብኩላት። አንተ የነደፍከው ሲኒ ኤግዚቢሽን ላይ እንደሚቀርብ፣ ፋብሪካውም በብዛት ሊያመርተው እንዳሰበ፣ እሷ ካልወደደችው ግን ንድፍህን እንደምታስቀር ስትሰማ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ወደ ምድጃዋ ዞረች። አንተ ወደ ፋብሪካው ስትሄድ "እጅ ያልዳበሰው አፈር እንዴት ሸክላ ይሆናል" ብላ የተቆጣችህ ትዝ አለኝና ፈራሁልህ።

በማግስቱ ገበያ ደርሼ ስመለስ ቤቱ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። እማዬ ሆዬ ሲኒህን ልታሟሽልህ ቅቤ ቀብታ ፍም ላይ ጥዳው ኖሯል። ምን ታድርግ፣ ዕድሜ ልኳን ያላሟሸችውን ዕቃ ለሰው ሰጥታ አታውቅ። ነጩ ሲኒ ጠቁሮ ለሁለት ተከፍሏል። እሷም ምድጃው ሥር ኩርምት ብላ "የልጄን ድካም በላሁት" እያለች ታለቅሳለች። የፋብሪካ ሸክላ እዚያው በስሎ ያለቀለት ነው፣ ማሟሸት አያሻውም ብዬ አስረዳኋት። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ኋላ ግን አብሬያት አለቀስኩ።

ስብርባሪውን ልጥል ስል ከለከለችኝ። ጆሮው ያለበትን ግማሽ አንሥታ ታገላብጠው ጀመር። ጆሮው ሥር አውራ ጣት የሚያርፍበት ጎድጎድ ያለ ቦታ አበጅተህ የለ? እሷ የጀበና ጆሮ ስታጣብቅ በጣቷ የምትጫነው፣ የሺሺንዳ ገበያተኛ ሁሉ የእሷን ሥራ የሚለይበት ምልክት ነው። ስትሄድ ከሰጠችህ ጀበና ላይ እንደወሰድከው ያኔ ገባኝ። እማዬ ጣቷን ልታሳርፍበት ሞከረች፣ አልገባም። ወንድሜ፣ ቁርጥማት ጣቶቿን አሳብጦባታል። አታስጨንቂው ብላኝ ነው እስከ ዛሬ ያልነገርኩህ፤ ከመስከረም ወዲህ አፈር አልነካችም።

ከዚያ የእኔን እጅ ያዘችና የእኔን ጣት አስገባችበት። ልክክ አለ። "ይኼ የድሮ ጣቴ ነው" አለችኝ። ቆይታም "እኔ የጠፋ መስሎኝ ነበር፣ ለካ ልጄ ጋ ነው ያለው። ይሥሩት በይው" አለች። ስለዚህ ልብህ አይከፈል፣ ኤግዚቢሽኑም ላይ አሳየው፣ ፋብሪካውም ያምርተው። ሳያሟሹ መሸጣቸውን ግን እስካሁን አልወደደችውም።

ባለቤቴ ዳምጤ በጣም ሰላም ብሎሃል። ልጄ ዮሀና በአጎቴ ሲኒ ካልሆነ ውሃ አልጠጣም ብላ አስቸግራናለች፤ እሷም ትስምሃለች። ከሚልም ሰላም በይልኝ ብሏል። እማዬ ጉንጭህን እያገላበጠች ትስምሃለች፣ ምርቃቷም ይድረስህ።

አንድ ነገር ላስቸግርህ። ለእሷ ብቻ አንድ ሲኒ ጎድጓዳውን ሰፋ አድርገህ ሥራላት፣ የአሁኑ ጣቷ የሚያርፍበት። ልኩን እንድታገኝ ብዬ ትንሽ ጭቃ አድቦልቡዬ አውራ ጣቷን እንድትጫንበት ሰጠኋት። ጭቃውን ከያዘች በኋላ አልለቅም አለችኝ፤ እያሸች፣ እያለሰለሰች፣ እስኪመሽ ይዛው ዋለች። የአውራ ጣቷን አሻራ ይዞ ደርቋል፣ በከሚል ልኬልሃለሁ።

እህትህ የምሥራች
ቦንጋ፣ ጥር 18 ቀን 1996 ዓ.ም.