ፈተናዋ እስኪያልቅ

ፍኖተ ሰላም
መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ እህቴ ለያምሮት፣

እንዴት ሰነበትሽ? የሐዋሳ ሙቀት እንዴት ያደርግሻል? እዚህ ስልክ ከተቋረጠ ሰንብቷል። መንገዱ ግን ሰሞኑን ተከፍቷል ስለተባለ፣ ፋሪዳ ለሱቋ ጨርቅ ልታመጣ አዲስ አበባ ትሄዳለች። ከዚያ ወደ አንቺ የሚመጣ ሰው አላጣም ብላኛለች፤ ይህን በእጇ ሰጥቻታለሁ።

ወሬ ሳላበዛ ዋናውን ልንገርሽ። እምዬ ታማለች። ከጥምቀት ወዲህ እኔ ዘንድ ናት። ጉበቷ ነው ተብሏል። የዚህ ሐኪም ባሕር ዳር ውሰዷት አለን፣ ወሰድናት። እዚያ ደግሞ ቤቷ ትረፍ አሉን። ሐኪም ቤቷ ትረፍ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ለአንቺ አላስረዳም።

ወንድማችን ኪዳነ ማርያም አትንገሪያት ብሎኛል። ዲፌንስ የምትዪው የመመረቂያ ጽሑፍሽ ፈተና ግንቦት ውስጥ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። አማካሪሽ ከዚያ በኋላ ወደ ውጭ እንደሚሄዱ፣ ካመለጠሽ ዓመት እንደሚገፋ፣ የረዳት ፕሮፌሰርነቱም ነገር አብሮ እንደሚንጠለጠል ነግረሽናል። ኪዳነ ማርያም «ቡሬ ላይ ጠመኔ ይዛ የጀመረችውን እዚህ አድርሳዋለች፤ ደጃፉ ላይ አናደናቅፋት» ይላል። እምዬ ራሷም «ጨርሳ ትምጣ» ብላናለች። እኔም እሺ ብዬ ነበር። ስልኩ ሲሠራ ደህና ናት ያልኩሽ ለዚህ ነው። አሁን ግን ሐሳቤን ለውጫለሁ። ለምን እንደለወጥኩ በተራ ልንገርሽ፤ ነገሩ ከሥራሽ የራቀ አይደለም።

አንቺ አስተምረሽ የላክሽልን እህተ ማርያም አሁንም የጓሮዋን ክፍል ተከራይታ አብራኝ አለች። ስለ እምዬ ታውቃለች። እኔ ካልነገርኩሽ እንደማትነግርሽም አንቺው ታውቂያታለሽ። ትምህርት ቤቱ እንደገና ሲከፈት ለተማሪ ምክር፣ ለጋይዳንስ ብለው ክፍል ሰጧት። ክፍሉ ግን ከዩኒት ሊደሩ ቢሮ ጎን ነው። ያረፈደውም የተደባደበውም የሚቀጣው እዚያ ነው፤ በረንዳው አንድ ነው። በረንዳው ላይ የታየ ልጅ ሁሉ ምን አጥፍቶ ነው ይባላል። ስለዚህ መጀመሪያ ሰሞን በሯን የሚያንኳኳው ጠመኔ ያለቀበት አስተማሪ ብቻ ነበር። ማታ ስትገባ «እትዬ ባንች፣ ዛሬም ጠመኔ ሳማክር ዋልኩ» እያለች ታስቀኝ ነበር።

አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ነበረች። ስሟን ከእህተ ማርያም አፍ ሰምቼው አላውቅም፤ አባቷ ግቢዬ ገብቶ እስኪጠራው ድረስ ለእኔ «አንዲት ልጅ» ነበረች። ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው፣ ስንቃቸውን በየሳምንቱ እየተሸከሙ ከሚማሩት አንዷ ናት። አስተማሪዎቿ ክፍል ውስጥ አለች፣ ግን የለችም ይላሉ። እህተ ማርያም ተላላኪ ልካ ከክፍል አስጠራቻት፤ አልመጣችም። ደግማ አስጠራቻት፤ ልጅቷ ሽንት ቤት ስታስመልስ ተገኘች። ግራ ሲገባት ለአባትየው ወረቀት ጻፈች። ስለ ልጅዎ ለመነጋገር ትምህርት ቤት እንዲቀርቡ፣ የሚል። ርእሰ መምህሩ ማኅተም አደረጉበት፤ በቀበሌ በኩል ሄደ።

አንቺ የገበሬ ልጅ ነሽ፣ ቀሪውን ሳልነግርሽ ይገባሻል። እህተ ማርያም ግን ያደገችው አዲስ አበባ ነው።

የገበያ ቀን ነው፣ ቅዳሜ። ግቢ ውስጥ በርበሬ እየቀነጠስኩ ነበር። እምዬ ፀሐይ እንዲያገኛት በሩን ገርበብ አድርጌ እዚያው አጠገቡ አስተኝቻታለሁ። ሦስት ሰዎች ገቡ። አንዱ ቄስ ናቸው፣ አባ ዘሚካኤል ይባላሉ፤ አንዱ ሽማግሌ ነው። መሐል ያለው ሰው ጎንበስ ብሏል፤ ማጅራቱ ላይ የወፍጮ መጅ የሚያህል ድንጋይ ተሸክሟል። ገዳይ ሲታረቅ ካልሆነ እንዲህ ያለ ነገር ካየሁ ስንት ዘመኔ። የመምህርቷ ቤት እዚህ ነው ወይ አሉኝ። ጠራኋት። ልብስ ስታጥብ ነበር፣ አረፋ በእጇ ወጣች።

ሰውየው እግሯ ሥር ተንበረከከ። «መምህርት፣ የእንቁ አባት ነኝ፣ ዳኘው እባላለሁ። ልጄ በድላለች። ስለ እግዚአብሔር ይቅር ይበሉን።»

«ኧረ አባቴ፣ ምን አጥፍታ? ድንጋዩን ያውርዱት።»

«ይቅር ሳይሉኝ?»

«ምንም አላጠፋችም እኮ።»

አባ ዘሚካኤል ወረቀቱን ከጋቢያቸው ሥር አውጥተው አሳዩአት። «ልጄ፣ ይሄ ማኅተም አለው። ማኅተም ያለው ወረቀት ለምስጋና ሲላክ እስከ ዛሬ አላየሁም።»

«ወላጅ የተጠራው ለምክክር ነው፣ አባ።»

«እንግዲያው ለምንመክርበት ጥፋት ይቅር በይና እንቀመጥ፣» አለ ሽማግሌው። «ሰውየው ከወንዙ ማዶ ጀምሮ ነው የተሸከመው። እኛ ከአጥሩ ሥር አንሣው ብለነው ነበር፤ አያ ዳኘው የሰው ድንጋይ አልነካም አለ።»

አያ ዳኘው ከድንጋዩ ሥር ሆኖ፣ «ካስቸገረች ሰኞ መጥቼ እወስዳታለሁ፤ ቤት ትዋል። እኔም ቤት ውስጥ ሰው የለኝም፣» አለ።

እህተ ማርያም ወደ እኔ ዞረች። ፊቷ ቀልቷል። «እትዬ ባንች፣ ይቅር ብያለሁ ካልኩ አጥፍታለች ብዬ መመስከሬ ነው። ይወስዷታል። ይቅር ካላልኩ ደግሞ ድንጋዩን አያወርደውም።»

ድንጋይ የተሸከመ ሰው ይቅር ሳይባል ማውረድ እንደማይሆን አውቃለሁ፤ ያልተበደለ ሰው ምን ብሎ ይቅር እንደሚል ግን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። እሷ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ጎንበስ ብላ ድንጋዩን ከአያ ዳኘው ማጅራት አነሣችው። ሽማግሌው «ተመስገን» አለ። ድንጋዩን ግን መሬት አላስቀመጠችውም። እንደምንም አንገቷ ላይ አወጣችውና እሷው ተንበረከከች።

«የበደልኩት እኔ ነኝ፣» አለች። «ቤታችሁ መምጣት ሲገባኝ ወረቀት ልኬ አስደነገጥኳችሁ። ልጅዎ ንጹሕ ናት። ይቅር በሉኝ።»

ሦስቱም ተያዩ። አባ ዘሚካኤል «እንግዲህ አሁን ይቅር ባዩ ማን ነው?» አሉ።

አያ ዳኘው ጉልበቱን እያራገፈ፣ «እኔ መሰለኝ፣» አለ። ከዚያ ደንገጥ ብሎ፣ «ይቅር ለእግዚአብሔር፣ ይቅር ለእግዚአብሔር። አውርጂው ልጄ፣ ወገብሽን፣» አለ። አንቱ ማለቱም ያኔ ቀረ። ከውስጥ እምዬ ስትስቅ ሰማኋት። ብዙ ቀን ስቃ አታውቅም ነበር።

ንፍሮ አቀረብኩ፣ ጠላ ቀዳሁ። አያ ዳኘው አንድ ሁለቴ ከጎረሰ በኋላ ልጄ ታዲያ ምን ሆነች አለ። እህተ ማርያም መልሳ እሱን ጠየቀችው፤ ባለፈው ክረምት ቤታችሁ ምን ነበር፣ አለችው።

ሚስቱ የሞተችው ሰኔ ላይ ነው። ልጅቷ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ላይ ነበረች፤ የፈተናው መጀመሪያ ቀን ማታ ነው እናትየው ያረፈችው። ፈተናዋ እንዳይበላሽ ብለው ደበቁ። ፈተና እስክትጨርስ አክስቷ ቤት ከተማ አቆዩአት። መንደሩ ሁሉ ነጠላ አዘቅዝቆ፣ ከተማ ወጥቶ ልጅቷን የሚያገኛት ሰው ግን ነጠላውን እያስተካከለ ሰላም አላት። ስትመለስ ድንኳኑ ተነሥቷል፤ ለቀስተኛው ተበትኗል። በር ላይ መርዶ ነገሯት።

«ጥሩ ውጤት አመጣች፣» አለ አያ ዳኘው፣ ዳኛ ፊት እንደሚከራከር ሰው። «ደግሞ አላለቀሰችም። ጠንካራ ናት ብለን ደስ አለን።»

እህተ ማርያም ብዙ ጊዜ ዝም አለች። እንዲህ ዝም ማለትን አንቺ እንዳስተማርሻት ነግራኛለች። በኋላ «እኔ ደግሞ በስሟ ከክፍል አስጠራኋት፤ ሁለት ጊዜ፣» አለች። አባ ዘሚካኤል ንፍሮውን ከእጃቸው መለሱት። ከክፍል የሚጠራት ሰው ሁሉ መርዶ ነጋሪ እንደሚመስላት ያን ጊዜ ለሁላችንም ገባን።

ልጅቷ ትምህርቷን አላቋረጠችም። በሚቀጥለው እሑድ አያ ዳኘው የመንደሩን ሴቶች ለመነ። እህተ ማርያምና እኔም ሄድን። ድንኳን አልተተከለም። ሴቶቹ ልጅቷን መሐል አስቀምጠው ከመጀመሪያው ጀመሩላት፤ እናቷ ምን ብላ እንዳረፈች፣ ማን ገላዋን እንዳጠበ፣ ማን እንደገነዛት፣ መቃብር ላይ ማን እንደወደቀ። ልጅቷ እየደጋገመች «ከዚያስ?» ትላቸው ነበር። ከሰዓት በኋላ ነው ያለቀሰችው።

አሁን እህተ ማርያም በረንዳው ላይ አትቀመጥም። በእረፍት ሰዓት ቤተ መጻሕፍቱ ጓሮ ልጆች በሚቀመጡበት ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች። የሚመጣ ይመጣል። የሚነግሯትን አትነግረኝም፣ እኔም አልጠይቃትም። እንቁ ራሷ ግን አንድ ቀን ለእምዬ እንቁላል ይዛ መጣች። ጾም መሆኑን ረስታው ኖሮ አፈረች። እምዬ አጠገቧ አስቀመጠቻት፤ እኔ በርበሬዬን እየቀነጠስኩ እሰማለሁ። እምዬ ሕመምተኛ ስለሆነች ይሁን፣ ልጅቷ ሳትጠየቅ ነገረቻት።

«ሁሉም ያውቁ ነበር፣» አለቻት። «ትምህርት ቤቱ በር ላይ ዳቦ የሸጠችልኝ ሴት እንኳ ታውቅ ነበር። እኔ ብቻ ስለ ሒሳብ አስብ ነበር።»

እምዬ እጇን ያዘቻት። እኔ ደግሞ አንቺን አሰብኩ። እዚህ ፋሪዳ ታውቃለች። የፋሪዳ ወንድም ኢስሃቅ ያውቃል። የሰፈሩ ባጃጅ ነጂ ያውቃል። ሐዋሳ ተቀምጠሽ ሰው የልጅን ሐዘን እንዴት እንደሚሰማ ለሌላ ሰው የምታስተምሪው አንቺ ብቻ አታውቂም።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ከስኳር መጠቅለያና አንቺ ከጣልሻቸው ወረቀቶች ነው። የተማርሽውን ልመክርሽ አይደለም። የምጽፍልሽ ማወቅ ስላለብሽ ነው። ዲፌንሱን አስቀድሙልኝ የሚባል ነገር ካለ አንቺ ታውቂያለሽ። ከግንቦት በኋላ ይሁን የሚባል ከሆነም አንቺ ታውቂያለሽ። እምዬ ጠዋት ጠዋት አእምሮዋ ሙሉ ነው። ከሰዓት በኋላ ትደክማለች፣ አንዳንዴ እኔን በእናቷ ስም ትጠራኛለች። ጠዋት ስትነቃ የምትጠይቀኝ ሐኪሙ ለእብጠቷ ያዘዘላትን የሽንት መድኃኒት አይደለም።

«ስንተኛው ምዕራፍ ላይ ደረሰች?» ትለኛለች።

«አራተኛው ላይ፣» እላታለሁ።

«ስንት ነው ሁሉም?»

«አምስት።»

«እንግዲህ ቀርባለች።»

ነይ አልልሽም። ነይ ብዬሽ ዓመቱ ቢገፋብሽ፣ አትምጪ ብዬሽም ሌላው ቢያመልጥሽ፣ ሁለቱንም አልችለውም። አውሮፕላን ባሕር ዳር ያደርስሻል። መናኸሪያው ላይ ኢስሃቅ ብለሽ ጠይቂ፤ መንገዱ ክፍት በሆነ ቀን ሁሉ በመኪናው ወደዚህ ይመላለሳል፤ ለአንቺ ቦታ እንዲይዝ አስቀድሜ ነግሬዋለሁ። ኪዳነ ማርያም ሲሰማ ይቆጣኛል። ይቆጣ።

የመጻፊያሽን ክንድ መድኃኔ ዓለም ያበርታልሽ። በሰው ልጅ ጭንቀት ላይ የደከምሽው ድካም በገዛ ቤትሽ አይጣልሽ። ተማሪዎችሽን የወለደች እናት ሁሉ ትመርቅሽ።

እህትሽ ባንቺአየሁ

ደብዳቤውን ልጠቀልለው ስል እምዬ ነቃች። ጠዋት ነው፣ ዓይኗ ጥርት ብሏል። ለማን ነው የምትጽፊው አለችኝ። ለያምሮት አልኳት። ምን ብለሽ አለችኝ። ደህና ነን ብዬ አልኳት። ጉልበቴ ላይ ያሉትን ወረቀቶች አየቻቸው።

«የደህና ሰው ደብዳቤ እንዲህ አይረዝምም፣» አለችኝ። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችና፣ «ማለዳ ይበርዳል፤ ጋቢ ይዛ ትምጣ በያት፣» አለች።