የዳቦ ቀኖና

ለምወድሽ ልጄ፤

እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽን ያ ሳል ለቀቀው? የባሕሩ ነፋስ በተሰነጠቀው መስኮታችሁ እየገባ እንደሚያስቸግራችሁ ስለማውቅ ዝናብ በመጣ ቁጥር ሐሳቤ እናንተ ዘንድ ነው። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ እበላለሁ፣ እራመዳለሁ ማለቴ ነው፤ የግራ እግሬ አውራ ጣት እንደ ልማዱ አብጧል። ከዚያ ወዲያ ግን ልጄ፣ ምኑን ደህና ሆንኩት። ይህን የምጽፍልሽ ፒከሪንግ ከተማ፣ ከወዳጃችን ከኮሊን ቤት ፊት ለፊት መኪና ውስጥ ተቀምጬ፣ ወረቀቱን መሪው ላይ አስደግፌ ነው። ጽሕፈቴ ከተጣመመ ጥፋቱ የመሪው ነው። የቀረው ጥፋት የእኔ ነው።

ለምን አትደውዪም ትዪኝ ይሆናል። ደውዬ ነበር፤ ሳታነሺው ዘጋሁት። በስልክ ሲሆን አንቺ ትጠይቂያለሽ፣ እኔ አለሳልሼ አልፋለሁ። ይሄ ማለሳለሴ ነው እዚህ ያደረሰን። ነገ ጠዋት ፖስታ ቤቱ ሲከፈት እልከዋለሁ፣ ማክሰኞ እጅሽ ይገባል። አባትሽም ዳሌው ካልከዳው ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ይደርሳል። ብቻ ደብዳቤው እንዲቀድመው ጸልዪ።

አዎ፣ አባትሽ ወደ አንቺ እየመጣ ነው። ያውም በእግሩ። እንዳትደነግጪ ከሥሩ ልጀምርልሽ።

እንደ ጥንት ዘመን ተሳላሚ ለብሰን የምንጫወትበትን የንግደታችንን ቅዳሜና እሑድ ታውቂዋለሽ፤ ያደግሽበት ነው። ማልተን አጠገብ ያው ሜዳ፣ ያው ድንኳን፣ የአሳማ አጥንት የቅዱሳን አጽም ነው ብለን አኑረን ቅድስት ያልናት ያችው ጎተራ። አለባበስ ተቆጣጣሪዋ ግሌኒስ ዘንድሮም በር ላይ ቆማ የሰው እጅጌ እየገለበጠች የእጅ ሰዓት ስትፈልግ ነበር። ኮሊንን፣ “ይሄ ዚፕ ነው። በስድስት መቶ ዓመት ቀድመህ መጣህ፤ ሂድ ቀይር” ብላ መለሰችው። እሱም፣ “ሱሪዬን እዚሁ ላውልቀው ወይስ ድንኳኔ ድረስ ትታገሺኛለሽ?” አላት። እንግዲህ እንዲህ እየተሳሳቅን ነበር የጀመርነው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ባሪ ጉንጩን በጨርቅ አስሮ ወደ እኔ መጣ። ጥርሱ አሳብጦት ዓይኑ ጠፍቷል። የኑዛዜው ድንኳን ውስጥ መነኩሴ የሚሆነው መቼም ሁሌ እሱ ነው። “እኔ ጥርሴን ልነቀል ከተማ መግባቴ ነው። ካባዬን ልበሺና ተቀመጪልኝ። ደግሞ ለማንም እንዳትነግሪ፣ ለባልሽ ለክላይቭም ቢሆን። መነኩሴው ማን እንደሆነ ከታወቀ ጨዋታው ይበላሻል” አለኝ። ካባውን ለበስኩ። ጫማው ግን ሁለት እግሬን ባንድ ላይ የሚውጥ ስለሆነ የራሴን አላወለቅኩም። አባትሽ የሰፋልኝን፣ ለዚያ ለክፉ ጣቴ ብሎ ግራውን ሰፋ ያደረገልኝን። ከማቁ መጋረጃ በስተኋላ ስቀመጥ ከእኔ የሚታየው እግሬ ብቻ ነበር።

ቀኖናው እንደ ድሮው ነው፣ አልተለወጠም። “በትርህን ያዝ፤ በበደልከው ሰው ደጅ ቁም፤ ስለ እመቤታችን ብለህ ዳቦ ለምን። ከሰጠህ ተፈተሃል።” ያ ሰው ታዲያ ዳቦውን ከመቁረሱ በፊት አዘፍኖ መከራውን ያበላዋል። አንቺ ልጅ ሳለሽ የማር ማሰሮሽን የሰበረውን ባሪን ድምፁ እስኪዘጋ ያዘፈንሽው ትዝ ይልሻል? ያን ቀን አባትሽ ከሳቅ ብዛት መርፌው ጣቱን ወግቶታል።

ሰዉ እየመጣ ተናዘዘ። አንዷ ቀሚሷን በስፌት መኪና እንደሰፋች፣ አንዱ የጎረቤቱን የድንኳን ካስማ እንደነቀለ። የባሪን ጎርናና ድምፅ እያስመሰልኩ ሁሉንም ዳቦ ለምኑ ብዬ ሰደድኳቸው። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ምን እደብቅሻለሁ። ከዚያ አባትሽ ገብቶ የበግ ቆዳው ላይ ተንበረከከ። ያ የብረት ዳሌው ሲንበረከክ የሚያሰማው ድምፅ አለ፤ ሳላየው አወቅኩት። ምናልባት የሰው የጫማ መስፊያ ክር ደበቅኩ ይል ይሆናል ብዬ ሳቄን አዘጋጀሁ።

“አባ፣” አለ፣ “የእኔ እንኳ የሚያስቅ አይደለም።”

ቃል በቃል ልንገርሽ፤ ከጆሮዬ አልወጣም። “የልጄ ሠርግ ከዚህ ንግደት ጋር ገጠመ። አዳራሹ ሌላ ቀን የለውም ብላ ነግራኝ ነበር። እኔ ግን ሆን ብላ ነው፣ ጫማ ሰፊ አባቷ አሳፍሯት ነው አልኩ። እሷ ስትዳር እኔ እዚህ ሜዳ ላይ ቁጭ ብዬ የሰው ጫማ ስጠግን ዋልኩ። ለሠርጓ የሰፋሁት ጫማ ነበረ። ለማንም አላሳየሁትም። እስከ ዛሬ በኮሮጆዬ ይዤው እዞራለሁ።”

እኔ ልጄ፣ ስለ ጫማው የማውቀው አልነበረም። ባንድ ቤት አብረን እየኖርን አላውቅም።

መነኩሴ ነኝና ግን አንድ ነገር ማለት አለብኝ። “ታዲያ ከዚያ በኋላ ለምን አልሄድክም?” አልኩት በባሪ ድምፅ። “ሚስቴ ‘ተዋት፣ ይብረድላት’ አለችኝ። በዓመቱም ተዋት አለችኝ። ከዚያም ወዲያ ተዋት። እሷን አልከስም አባ። ጠብ ትፈራለች፤ ገበታዋ ላይ ሰው ድምፁን ከፍ ካደረገ ምግብ አይወርድላትም። እኔ ነኝ ምክሯን የወደድኩት፤ ለኩራቴ ተመቸኝ” አለ።

ምን ይዋጠኝ። መጋረጃውን ገልጬ “ክላይቭ፣ እኔ ነኝ” ማለት ነበረብኝ። እጄን ማንሳት ብቻ ነበር። ከበስተኋላው ግን ተራ የያዙት ይሳሳቃሉ። ኮሊን፣ “ክላይቭ፣ ስንት ሰው ገደልክ? ቶሎ በል እንጂ፣ ሾርባው ቀዘቀዘ” ይላል። ፈራሁ። ፈርቼ ያንኑ የቀልዱን ቀኖና በዚያው ጎርናና ድምፅ ወረወርኩለት፤ በትርህን ያዝ፣ በበደልከው ሰው ደጅ ቁም፣ ዳቦ ለምን። ይባስ ብዬ፣ “ዘፈንም ተለማመድ” አልኩት። ውጭ ያሉት በሳቅ ፈነዱ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባል የለ፤ እውነተኛ ኃጢአት ይዞ በፊቴ ለተንበረከከ ሰው የሰጠሁት መልስ ይሄ ነው።

አባትሽ አልሳቀም። በመጋረጃው ሥር እጁን ሰደደ። የግራ ጫማዬ ማሰሪያ ተፈትቶ ኖሯል፤ ሳብ አድርጎ በዚያ በራሱ ቋጠሮ አጥብቆ አሰረልኝ። “ይፍቱኝ አባ፣ አመሰግናለሁ” ብሎ ተነሥቶ ሄደ። የባለሙያ እጅ የተፈታ ማሰሪያ አይቶ አያልፍም አልኩ በልቤ።

ማታ እራቱን በላ፣ ገንፎውን አመሰገነ፣ ተኛ። እኔም መነኩሴው እኔ ነበርኩ ሳልለው ተኛሁ። ዛሬ ጠዋት በትርና ኮሮጆ ሲባረክ ከሁሉም ጋር አጎንብሶ ተባረከ። ሰዉ ሜዳውን ዞሮ ወደ ጎተራዋ ሲሄድ ግን እሱን አጣሁት። ድንኳናችን ውስጥ የመኪናው ቁልፍ በርጩማው ላይ ተቀምጧል። ስልኩ መኪናው ውስጥ ነው። ግሌኒስን ብጠይቃት፣ “ክላይቭን? በዋናው በር ወጣ እኮ። ወዴት ነው ብለው ቀኖናዬን ልፈጽም አለኝ። የጨዋታው ነው ብዬ ሸኘሁት። ደግሞ አለባበሱን አየሁለት፤ አንዲት እንከን የለችበትም” አለችኝ። ሴትዮዋ ሰው ሲጠፋ ሳይቀር ልብሱን ነው የምታየው።

በመኪና ተከተልኩት። በፒከሪንግ መንገድ ዳር በዚያ በሰፊው ባርኔጣው፣ በትሩን እየመታ ያነክሳል። የሚያልፈው መኪና ሁሉ ጥሩንባ ይነፋለታል፤ እሱም ለሁሉም ባርኔጣውን ያነሣል። መስኮቱን ዝቅ አድርጌ ግባ አልኩት። አልገባም አለ። ዳሌህን አስብ፣ ሐኪሙ ምን አለህ ብለው፣ “ዳሌዬን ሐኪሙ ሠራልኝ። ኃጢአቴን ግን አልነካውም” አለኝ። በዚህ ዕድሜህ ልጅህ ዘንድ ዊትቢ ድረስ በእግርህ ሂድ ያለህ ማነው ብዬ ተቆጣሁ። እንዲህ እያልኩ ተቆጣሁ፣ ይታይሽ።

“መነኩሴው ነው” አለ።

“ቀልዱን እኮ ነው።”

“ቀልድ ከሆነ ራሱ መጥቶ ቀልዴን ነው ይበለኝ። ቀኖና የሚፈታው የሰጠው ሰው ነው።” ይህን ብሎ በትሩን ተደግፎ ቆመ። ቆሞ አየኝ። አስቸኮለኝም፣ ተጣራኝም አልልሽም። ጠበቀኝ።

አንዲት ቃል ነበረች ከእኔ የምትጠበቀው፤ አላልኳትም። ካልኳት ‘ተዋት’ ስላልኩት ሁሉ መልስ መስጠት ሊኖርብኝ ነው። ሌላም አለ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ እንዲደርስ ፈለግሁ። ፈትቼው መኪና ውስጥ ከገባ ቤት እንገባለን፣ ሻይ እናፈላለን፣ ነገ ደግሞ ያው ተዋት ነው። ራሴን አውቀዋለሁ። ስለዚህ ሽማግሌ ባሌን አስፋልት ዳር ትቼ ዝም አልኩ።

ባርኔጣውን አስተካከለ። “እንግዲያው መነኩሴውን ካገኘሽው፣” አለ፣ “ግራ እግሩን ሳያመው አይቀርም። እርጥብ ሣር ላይ ብዙ አይቁም በዪልኝ።”

እነግረዋለሁ አልኩትና መስኮቱን ዘጋሁ። ለካ ማሰሪያዬን ሲያስር በጫማዬ አውቆኝ ኖሯል።

ከዚያ ወዲያ የአደጋ መብራቴን እያበራሁ ከኋላው ተጎተትኩ። አሁን ኮሊን ቤት ነው። ሚስቱ ሞሪን እግሩን በሙቅ ውሃ ስታጥብለት በመስኮቱ ይታየኛል። ነይ ግቢ አሉኝ፤ አልገባሁም። በምን ፊቴ? ነገ ያንን ገላጣ ኮረብታ ሊያቋርጥ ነው፤ ዝናብም ይጥላል ብለዋል። ሾርባ በፔርሙዝ ይዤ ከሩቅ እከተለዋለሁ። ግሌኒስ ፔርሙዙን ብታይ ትታመማለች፤ ትታመም።

አሁን ያንቺን ልንገርሽ። በየገናው ስትጠይቂኝ “አባትሽ ገና አልበረደለትም” ያልኩሽ ውሸቴን ነው። በመጀመሪያው ክረምት በርዶለት ነበር። ከዚያ በኋላ በስምሽ ያልተነሣ ምሽት የለም። ለእሱ ‘አልበረደላትም’፣ ላንቺ ‘አልበረደለትም’ እያልኩ በሁለታችሁ መሃል ቁጭ ብዬ ሰላም የጠበቅኩ መስሎኝ ነበር። ሁለታችሁም ዝም ስትሉ ቤቱ ጸጥ አለ፤ እኔም ጸጥታውን ፍቅር ነው ብዬ ያዝኩት።

ስለዚህ ልጄ፣ ማክሰኞ ከሥራ ስትወጪ ዳቦ ግዢ። ምንም ዓይነት ዳቦ ይሁን፤ በላስቲክ የታሸገ ቁርጥራጭም ቢሆን ይሆናል። ደጅሽ ድረስ ያለውን ያን ሁሉ ደረጃ ሲወጣ ድምፁን ትሰሚያለሽ፤ ወርደሽ አትርጂው፣ አይወድም፤ በሩን ብቻ ከፍተሽ ጠብቂው። ስለ እመቤታችን ሲልሽ ቆርሰሽ ስጪው። ከኮሮጆው ጫማ ያወጣል። ቢጠብሽም ጠበበኝ አትበዪው፤ እግርሽን በቃሉ ነው የሰፋው። አደራሽን አታዘፍኚው። ጉሮሮው አይችልም፣ እኔም ከታች ሆኜ መስማት አልችልም።

ቤታችሁ ብርዱን ያርቅላችሁ፤ ማዕዳችሁ ሰው አይጣ። ያልተናገርኩትን ሁሉ እግዚአብሔር በደህና ያስተካክልልሽ።

መኪናዋ ከደረጃው ሥር፣ ከዓሣ መሸጫው ጥግ ትቆማለች። አባትሽ በልቶ ቁራሽ ከተረፈ እኔም በትር ባይኖረኝ በዣንጥላዬ ተደግፌ እመጣለሁ። እኔን ግን ልጄ፣ ደስ እስኪልሽ ድረስ አዝፍኚኝ።

እናትሽ