ስለ ሚስተር ኤግበርት ታሎክ ዕረፍት እና ሚስተር ዴከርስ በባሕር ዳርቻ ስለገቡት ቃል የተሰጠ መግለጫ

ለማኅበራችን አባላት፣ ለሥራ ባልደረቦች፣ ለሸክላ ሰብሳቢዎች፣ እንዲሁም በዚህ ከተማ አንድ ጊዜም ቢሆን እግሩ ሳያስፈቅደው ለተነቃነቀበት ሰው ሁሉ፤

የኪንግስተን የሸክላ ሙዚቃ ባለሙያዎች መረዳጃ ማኅበር መሥራች አባል፣ ለሁለት የሥራ ዘመን ሊቀመንበር የነበሩትና ከሮክስቴዲ ሙዚቃ ቀዳሚ አሳታሚዎች አንዱ የሆኑት ሚስተር ኤግበርት ታሎክ፣ ሴፕቴምበር 6 ቀን 2023 ጠዋት በሰማንያ አምስት ዓመታቸው ዐርፈዋል። ማኅበራችን እጅግ አዝኗል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሚርትል እንደነገሩን፣ በረንዳቸው ላይ ሻያቸውን ጠጥተው፣ ዳቦአቸውን በአቮካዶ በልተው፣ በራዲዮ የሚሰማውን ዘፈን «ከበሮው ቸኮለ» ብለው ከነቀፉ በኋላ ነው ዓይናቸውን የከደኑት። በማኅበራችን ውስጥ ከዚህ የተሻለ አሟሟት የተመኘ ሰው እስካሁን አልተመዘገበም።

ይህ መግለጫ ሁለት ሳምንት የዘገየው የሥራ አመራር ኮሚቴው በሁለት ጉዳዮች መስማማት ስላቃተው ነው። አንደኛው በሐዘን መግለጫ ላይ ሳቅ የሚያመጣ ነገር ይግባ ወይስ አይግባ የሚለው ሲሆን፣ በስድስት ለሦስት ድምፅ እንዲገባ ተወስኗል። የተቃወሙት ሦስቱም ቃለ ጉባኤው ሲነበብ ስቀዋል። ሁለተኛው የክቡር አባላችን የሚስተር ኦስዋልድ ዴከርስ ጉዳይ ነበር፤ እሱ በቦታው ይገለጻል።

ሚስተር ታሎክ በ1938 በሴንት ሜሪ አውራጃ ተወልደው በአሥራ ስድስት ዓመታቸው ወደ ኪንግስተን መጡ። የመጀመሪያ ሥራቸው የሬሳ ሣጥን መሥራት ነበር። ይህን ደብቀው አያውቁም፤ ሊደብቁ ቢፈልጉም ሚስተር ዴከርስ አይፈቅዱላቸውም ነበር።

በ1958 አንድ የዳንስ ቤት ባለቤት ቁም ሣጥን የሚያክል የድምፅ ማጉያ ሣጥን የሚሠራለት አናጢ ሲፈልግ፣ ሥራው ለሚስተር ታሎክ ደረሰ። የሠሩት ሣጥን የቤቱን መስኮት ሲያንቀጠቅጥ ራሱ ግን ንቅንቅ አይልም ነበር። ከዚያ በኋላ በከተማው ያሉ የዳንስ ድምፅ ባለቤቶች ሁሉ፣ ማለትም ማጉያና ሸክላ ይዘው ሕዝብ የሚያስጨፍሩት፣ እሳቸው ዘንድ ተሰለፉ። «ሬሳ ሣጥን ሠርቼ አንድም ሰው አመስግኖኝ አያውቅም» ይሉ ነበር፤ «የድምፅ ማጉያው ግን ሰፈሩን ሁሉ ጠርቶ አመሰገነኝ።»

በ1962 በራሳቸው ስም የመጀመሪያውን ሸክላ አሳተሙ። አልተሸጠም። ሁለተኛውም አልተሸጠም። ሦስተኛውን ወይዘሮ ሚርትል በገበያ ከሚሸጡት ዓሣና የካሳቫ ቂጣ ጋር እየመረቁ አዳረሱት፤ ዓሣውን ሰው ሁሉ ወደደው።

በ1966 የሆነው ግን የማኅበራችን ታሪክ ስለሆነ በሰፊው መጻፍ አለበት።

በዚያ ዘመን ሁሉም ሰው የሚጨፍረው በስካ ነበር። ስካ ፈጣን ነው፣ ላብ ነው፣ መለከት ነው። በዚያ ዓመት ሙቀቱ አላስቀምጥ አላስቆም ሲል ሌሎቹ አሳታሚዎች ዳንስ ቤት ገብተው የሚመለከቱት የሚጨፍሩትን ነበር። ሚስተር ታሎክ ደክሟቸው ግድግዳ ተደግፈው የቆሙትን ተመለከቱ። የቆሙትም እግራቸው አልቆመም ነበር፤ የዘፈኑን ምት እየዘለሉ፣ በግማሽ ፍጥነት፣ በቀስታ መሬቱን ይነኩ ነበር። ሚስተር ታሎክ በማግስቱ ለሙዚቀኞቻቸው «ለእነዚያ እንጫወት» አሉ።

በጁላይ ወር ስቱዲዮ ገቡ። ማይክሮፎኑ እንዳይረበሽ ማራገቢያው ጠፍቷል። መለከት ነፊዎቹ ውጭ ጥላ ሥር እንዲቀመጡና የኮኮናት ውሃ እንዲጠጡ ተነገራቸው፤ ከልባቸው ታዘዙ። ከበሮው ቀዘቀዘ። የቤዝ ጊታር ተጫዋቹ አባላችን ሚስተር ቬርኖን ጌይል ያንን ቀን ሲያስታውሱ «እስከዚያ ድረስ ቤዝ ስጫወት አውቶቡስ እንዳመለጠው ሰው ነበርኩ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጭ ብዬ መስኮት ያየሁ መሰለኝ» ብለዋል። የተቀረጸው ዘፈን «አንድ ንጣፍ ይበቃናል» ይባላል። ጥንዶች ከአንድ የወለል ንጣፍ ሳይወጡ ተቃቅፈው ስለሚጨፍሩት ጭፈራ ነው፤ ያቺን ንጣፍ የሚያውቅ አባል ብዙ ስለሆነ ማብራሪያ አያስፈልግም።

ሮክስቴዲ የተባለውን ይህን ቀዝቃዛ ምት የፈጠረው ማን ነው የሚለውን ጥያቄ ማኅበራችን አይመልስም። የፈጠርኩት እኔ ነኝ የሚሉ አሥራ አንድ አባላት አሉን፤ ሁሉም ድምፅ የመስጠት መብት አላቸው። ሚስተር ታሎክ ከአሥራ አንዱ አንዱ እንዳልነበሩ ግን በደስታ እንመሰክራለን። ሲጠየቁ «ሙቀቱ ነው የፈጠረው፤ እኔ በር ከፈትኩለት» ነበር የሚሉት።

ዘፈኑ ለሕዝብ መጀመሪያ የተሰማው በዚያው ዓመት በነፃነት በዓል ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ በባሕር ዳርቻው የመዝናኛ ቤት ነው። ያጫወተው የዳንስ ድምፅ የሚስተር ዴከርስ ነበር። ሚስተር ዴከርስ ያኔ «መብረቅ» የተባለው የዳንስ ድምፅ ባለቤት፣ የሚስተር ታሎክ የልብ ወዳጅ፣ በፍጥነት የሚያምኑ፣ ፈጥነው የሚናገሩ፣ ፈጥነው የሚበሉ ሰው ነበሩ። ሸክላውን ለወዳጅነት ሲሉ አጫወቱት። ስምንት ምት ያህል እንደሄደ ማይክሮፎኑን አነሡ።

«ጎበዝ፣ ኮፍያችሁን አውልቁ!» አሉ። «ይህ ዘፈን አይደለም፣ ቀብር ነው። ሬሳ ሣጥን ሠሪው የለመደውን ይዞልን መጣ!»

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ሚስተር ታሎክ ከሕዝቡ መሃል ሆነው፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ «እሺ ኦሲ። እኔ ስቀበር ትጨፍርበታለህ» አሉ።

«አንተ ስትቀበር?» አሉ ሚስተር ዴከርስ፣ አሁንም በማይክሮፎን። «ያን ቀን ብቻ! እስከዚያ ድረስ ይህቺ እግሬ ለቀርፋፋ ዘፈን ንቅንቅ ብትል መብረቅ ይምታኝ!»

ይህን ሁሉ ሕዝብ ሰማ። ሰምቶም ሲያበቃ፣ ሚስተር ዴከርስን ማይክሮፎናቸውን እንደያዙ ትቶ፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ንጣፍ ንጣፉን ያዘ። ዘፈኑ በዚያ ከሰዓት ዘጠኝ ጊዜ ተደገመ። ወር ሳይሞላ ኪንግስተን ውስጥ ያልቀዘቀዘ ከበሮ አልነበረም።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ሚስተር ዴከርስ ቃላቸውን ጠበቁ። ሃምሳ ሰባት ዓመት ሙሉ ጠበቁ። በገዛ ልጃቸው ሠርግ ላይ ሙሽራዋ እጃቸውን ስትስብ ወንበራቸውን አቅፈው ቀሩ። በማኅበራችን ዓመታዊ እራት ላይ ሚስተር ታሎክ ሆን ብለው «አንድ ንጣፍ»ን ያስጫውቱ ነበር፤ ሚስተር ዴከርስም ሆን ብለው ወደ ፍየል ሾርባው ይሄዱ ነበር። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ሲሏቸው «የዘገየችስ ሾርባው አለቀባት» ብለው ይመልሱ ነበር። ይህ ነገር በዓመቱ አጀንዳ ላይ ከሊቀመንበሩ ንግግር ቀጥሎ በቋሚነት ይያዝ ነበር።

ሚስተር ታሎክ ለሙያው ያደረጉት በዚህ አያበቃም።

በ1968 ባሳተሟቸው ሸክላዎች ላይ የቤዝና የከበሮ ተጫዋቾች ስም ከራሳቸው ስም በላይ እንዲጻፍ አደረጉ። ያኔ ይህን የሚያደርግ እብድ ብቻ ነው ይባል ነበር።

በ1974 ይህን ማኅበር ከሚስተር ዴከርስ ጋር መሠረቱ። አግዳሚ ወንበሮቹን የሠሩት እሳቸው ናቸው፤ እስካሁን አንዱም አልተሰበረም፣ አንዱም አልተመቸም።

ከ2009 ጀምሮ ዕድሜ የተጫናቸው ዘፋኞች በየወሩ የሚሰባሰቡበትን የከሰዓት ጭፈራ በማክስፊልድ ጎዳና ግቢያችን አስጀመሩ። ጉልበት ለሚያማቸው ሮክስቴዲ ተስማሚ መሆኑን ያረጋገጡልን እዚያ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጉዳይ እንመለስ።

ሚስተር ዴከርስ ዘንድሮ ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ዳሌያቸው በቀዶ ሕክምና ስለተቀየረ ሐኪማቸው ጭፈራን በጽሑፍ ከልክለዋቸዋል። የሚስተር ታሎክ ዕረፍት በተሰማ በሚቀጥለው ማክሰኞ፣ እንደ ልማዳቸው ወደ ቢሮአችን በረንዳ መጥተው ዶሚኖውን ለሁለት ሰው ደለደሉ፤ ከፊታቸው ያለውን ባዶ ወንበር እያዩም እስከ ምሳ ተቀመጡ። የእኛም ሆድ አልቻለም። ኮሚቴው በዚያው ቀን ተሰብስቦ ሚስተር ዴከርስ በ1966 ከገቡት ቃል ነፃ እንዲሆኑ የውሳኔ ሐሳብ አቀረበ።

በስብሰባው በክብር እንግድነት የተገኙት ወይዘሮ ሚርትል እጃቸውን አወጡ። «ኤግበርት ሃምሳ ሰባት ዓመት የጠበቀውን ነገር እናንተ በድምፅ ብልጫ ልታስቀሩበት ነው?» አሉ። ውሳኔው ግን ለሚስተር ዴከርስ ጤንነት ሲባል ጸድቆ በደብዳቤ ተላከላቸው። መልሳቸው በማግስቱ ደረሰን፤ በፈቃዳቸው እነሆ፦

«ለኮሚቴው። ከቃሌ ፍቱኝ ብዬ አልጠየቅኋችሁም። ሊፈታኝ የሚችለው አንድ ሰው ነበር፤ እሱም ሳይፈታኝ ሄደ። እየሳቀ እንደሄደም አውቃለሁ። ዳሌዬ የሐኪሙ ነው፣ እሱ ሠርቶታል፤ እግሬ ግን የእኔ ነው። ጓደኛዬ ናፍቆኛል። ዘፈኑን አዘጋጁ። ኦ. ዴከርስ።»

ኮሚቴው ውሳኔውን በሙሉ ድምፅ ሽሯል።

ስለዚህ የቀብሩ ሥነ ሥርዓት እንደሚከተለው ይፈጸማል። ቅዳሜ ሴፕቴምበር 23 ከጠዋቱ አራት ሰዓት በቤተ ክርስቲያን ጸሎት ይደረጋል። ሣጥኑ ሟቹ በ1958 ከሠሩት የድምፅ ማጉያ ሣጥን እንጨት የተሠራ ሲሆን፣ ማጉያዎቹ በቤተሰቡ ጥብቅ ማሳሰቢያ ወጥተዋል። ከጸሎቱ በኋላ በመቃብሩ አጠገብ ሚስተር ጌይልና አምስት አንጋፋ አባላት «አንድ ንጣፍ ይበቃናል»ን ይጫወታሉ። ሣሩ ላይ አንድ ንጣፍ፣ አንድ ብቻ፣ ይነጠፋል። ወይዘሮ ሚርትል የሚስተር ዴከርስን እጅ ይይዛሉ። ሐኪሙም ተጋብዘዋል። ጥቁር መልበስ ግዴታ አይደለም፤ ምቹ ጫማ ግን ግዴታ ነው።

ለወይዘሮ ሚርትል፣ ለልጆቻቸውና ለልጅ ልጆቻቸው፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸውና እሳቸው ባሳተሙት ዘፈን ለተጋቡ ሁሉ፦ ሐዘናችሁ ሐዘናችን ነው፤ እሳቸውን በማወቃችን ያገኘነው ደስታ ግን ከሐዘኑ ይበልጣል፤ ይህንንም ለመናገር አናፍርም። ለሚስተር ዴከርስም፣ ቤተሰብ እንደሆኑ ቆጥረን፣ ለብቻቸው መጽናናትን እንመኛለን።

በመጨረሻ፣ በፕሮግራሙ ላይ የተደረገ አንድ ማሻሻያ እናሳውቃለን። ትናንት ከሰዓት በኋላ በግቢያችን ልምምድ ተደርጓል። ሚስተር ጌይል በ1966 በተቀረጸበት ፍጥነት ጀመሩ። ሚስተር ዴከርስ ከዘራቸውን ለዋና ጸሐፊዋ ሰጥተው፣ ወይዘሮ ሚርትልን ይዘው ንጣፉ ላይ ወጡ። አራት ምት ያህል ሄደው ድንገት እጃቸውን አነሡ። ሁላችንም ዳሌያቸው መስሎን ደነገጥን፤ ወንበር ይዞ የሮጠም ነበር። ሚስተር ዴከርስ ግን ወደ ሙዚቀኞቹ ዞረው፣ ዓይናቸው እንባ እንዳቀረረ፣ ይህን ብለዋል፤ ቃላቸውም ለቅዳሜው መመሪያ ሆኖ ጸድቋል፦

«ምን ያስቸኩላችኋል? ትንሽ ቀስ አድርጉት።»

ዴልሮዝ ማኒንግ
ዋና ጸሐፊ፣ ስለ ማኅበሩ
ማክስፊልድ ጎዳና፣ ኪንግስተን
ሴፕቴምበር 20 ቀን 2023