የእናቴ ያልነበረው ሽታ

ለተከበሩ አቶ ኃይለኪሮስ፣
የብሎካችን ኮሚቴ ሰብሳቢና የዕድራችን ዳኛ
አያት ኮንዶሚኒየም

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎ ለወይዘሮ ፀጋ፣ እንዲሁም ከሁላችንም አብልጠው ለሚሳሱለት በግቢያችን መሐል ለተዘረጋው ሣር ጤናና ልምላሜ ይብዛላችሁ። እኔ ከምድር ቤት ያለሁት ዘሃራ ነኝ። እናቴን ሀጀርን ከቀበርኩ ወዲህ፣ አልሐምዱሊላህ፣ አለሁ። ለአረንጓዴ ግቢ ውድድር ሲሉ ያደረጉልን ውለታ ብዙ ስለሆነ ምስጋናዬን በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ።

1ኛ. ለሣሩ ያስመጡትን የዶሮ ኩስ በመጀመሪያ ያስቀመጡት በገዛ በረንዳዎ ነበር። ወይዘሮ ፀጋ ወይ እኔ ወይ ኩሱ ብለው ሲቆርጡ፣ ከነጆንያው ወደ ዕድራችን ዕቃ ቤት፣ ድንኳኑና ቃሬዛው አጠገብ አስገቡት። የሚስትን አፍንጫ ማክበር መልካም ባልነት ነው፤ ሐዘንተኛ ደግሞ የሚያለቅሰው በዓይኑ ስለሆነ አፍንጫ ምን ያደርግለታል ብለው ይሆናል።

2ኛ. ሁለተኛውን ጭነት ያመጣው አይሱዙ በኢምፔሪያል ሲያልፍ የታክሲ ተሳፋሪ ሁሉ መስኮት እንደዘጋ ሾፌሩ እየሳቀ ነግሮናል። ግቢያችን ሲደርስ ጎማው ሣሩን እንዳይረግጥ አዝነውለት በር ላይ አስቆሙት። ጆንያው ያንጠባጥብ ስለነበር አውራጆቹ በጀርባችን አንሸከምም አሉ፤ እርስዎም የዕቃ ቤቱ ቁልፍ በእጅዎ ነውና የዕድሩን ቃሬዛ አውጥተው ሰጧቸው። ኧረ በአላህ፣ አቶ ኃይለኪሮስ! ሙታናችንን በምንሸኝበት ቃሬዛ ኩስ!

3ኛ. በዚያው ሳምንት እናቴ ሞተች። ጎህ ሲቀድ ራሷ ክንዴ ላይ ነበር፤ ሸሃዳዋን በጆሮዋ ያልኩላትም እኔው ነኝ። ወዲያው አጠብናት፣ ካፉርና ሽቶ አድርገንላት ከፈንናት፣ ከዙህር ሰላት በኋላ በዚያው ቃሬዛ ወጥታ ተቀበረች። እኛ ሴቶቹ ቀብር አንሄድምና የመንገዱን የነገረኝ ወንድሜ ያሕያ ነው። ተሸካሚዎቹ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጡ ነበር፤ እሱም ለአጅሩ፣ ለአላህ ምንዳ፣ የተሽቀዳደሙላት መስሎት ደስ ብሎት አለቀሰ። እኔም ሞኟ፣ የዕቃ ቤቱንና የቃሬዛውን ጉድ ገና ሳልሰማ፣ ድንኳን ውስጥ ሴቶቹ ነጠላና ሻሻቸውን አፍንጫቸው ላይ ይዘው ሳይ፣ ለእናቴ እንዲህ አለቀሱላት ብዬ ተጽናናሁ።

ለቅሶው ሊበተን ሲል ነው ጎረቤታችን ወይዘሮ ዕፀገነት አጠገባቸው ላለችው ሴት፣ “ሬሳዋ እስኪሸት ድረስ ልጅቷ የት ሄዳ ነበር?” ሲሉ የሰማሁት። አሁን ወሬው በርበሬ የምሸጥበት ሾላ ገበያ ድረስ ቀድሞኝ ደርሷል። እናቷ ሞታ ስትሸት ያላወቀች ይሉኛል።

እናቴ አልጋ ከያዘች ጀምሮ፣ ባጠብኳት ቁጥር “ሸተትኩሽ ወይ ልጄ?” ትለኝ ነበር። “ኧረ እማ፣ አንቺ ደግሞ ምን ትሸቻለሽ!” እላታለሁ። ዕድሜዋን ሙሉ የፈራችው ይህንኑ ነበር። ልቤ ያረረው ለዚህ ነው፤ ለራሴ ቢሆንማ ችዬ ዝም ባልኩ።

እውነቱን ለዕድርተኛው ይንገሩልኝ ብዬ ደጅዎ ድረስ ብመጣ፣ የውድድሩ ሰዎች ግቢውን አይተው እስኪሄዱ ስለ ሽታ ባናነሳ ይሻላል፣ ለግቢያችን ስም ሲባል፣ አሉኝ። አርቆ አሳቢነትዎ ይገርማል። የግቢ ስም ሲጠፋ ያሳዝናል፤ የሞተች አሮጊት ግን ስሜ ጠፋ ብላ ተነስታ አትከስዎትም።

ካሳ አልጠይቅም። በሚመጣው የዕድር ስብሰባ ላይ ቆመው፣ “ያ ሽታ የእኔ የዶሮ ኩስ ነበር እንጂ የሀጀር አልነበረም” ይበሉልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

ለሣርዎ ዝናብ፣ ለእርስዎም ጥቂት ሐፍረት እንዲወርድልዎ ዘወትር ዱዓ የማደርግ፣

አክባሪ ጎረቤትዎ
ዘሃራ

ግልባጭ፦
ለዕድርተኛው በሙሉ
ለወይዘሮ ዕፀገነት

ሳልጠቅሰው እንዳላልፍ፦ ቃሬዛውን በሳሙናና በበረኪና እኔው ራሴ አጥቤ፣ ፀሐይ አስመትቼ ቦታው መልሼዋለሁ። ለምስጋና አይቸገሩ። ሁላችንም ተራችን ሲደርስ የምንወጣው በእሱ ነው፤ የእርስዎ ቀን ሲመጣ ልጆችዎ በሰው ፊት አንገታቸውን እንዳይደፉ ብዬ ነው።