ማህተሙ እውነተኛ ስለነበረው ፍላሽ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን የመረጃ ቴክኖሎጂ መምሪያ ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባልደረቦችዎና ከእጅዎ ለማይለየው ክብ ማህተም የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንዲሰነብት፣ ድንገት ቢታመሙም የምርመራ ውጤትዎ ከነስምዎ እንዲገኝ ከልብ እመኛለሁ። እኔ የናሙና ምርመራ ክፍል መዝገብ ያዥ ነኝ። ይህን የምጽፈው ቆሜ ነው፤ ከረቡዕ ወዲህ መቀመጥ አልሆንልሽ ብሎኛልና ጽሑፌ ቢንጋደድ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ተራ ቁጥር የሌለው ነገር እንደማያነቡ ስለማውቅ ምስጋናዬን በቁጥር አድርጌዋለሁ።

1. ሰኞ ጠዋት ደብዳቤ አመላላሿ የኮምፒውተር ደህንነት ማሻሻያ የያዘ ፍላሽ አመጣችልን። ፖስታው አፉ ላይ ማህተም አለበት፤ ፍላሹም ወገቡ በፕላስተር ተጠቅልሎ ፕላስተሩ ላይ ሌላ ማህተም አርፎበታል። እስከ እኩለ ቀን ጭነን እንድንፈርም የሚያዝ ቅጽም አብሮ ነበር። «ትክክለኛነቱ ተረጋግጧል» የሚለው ሳጥን ቢሮዎ ውስጥ ምልክት ተደርጎበት ስለመጣ ከማሰብ ድካም ገላግለውናል።

2. እኔ ግን ሳይቸግረኝ ማረጋገጥ አማረኝ። እንደሚያውቁት (ያውቃሉ ብዬ ነው) የፕሮግራሙ አምራች ለእያንዳንዱ ማሻሻያ ረጅም የፊደልና የቁጥር መለያ በራሱ ድረ ገጽ ላይ ያወጣል። ኮምፒውተራችን ከፋይሉ አስልቶ የሚያወጣው መለያ ከዚያ ጋር አንድ መሆን አለበት፤ አንዲት ፊደል ከተለየች ፋይሉን ሌላ እጅ ነክቶታል ማለት ነው። ጎን ለጎን አድርጌ ሳያቸው ከመጀመሪያዋ ፊደል ጀምሮ አይተዋወቁም። ወዲያው ደወልኩ። እርስዎ ራስዎ ስልኩን ማንሳትዎ ለእኔ ክብር ነበር፤ መልስዎም «ማህተሙ አለ የለም?» የሚል ብቻ ነበር። አለ አልኩ፤ ስልኩ ተዘጋ።

3. ስጋቴን በማስታወሻ ጽፌ ብልክ፣ የመምሪያውን ማህተም በመጠራጠሬ ማስጠንቀቂያ በዚያው ዕለት ደረሰኝ። ላለፉት ስድስት ዓመታት ለጻፍኳቸው ደብዳቤዎች መልስ አግኝቼ ስለማላውቅ ፍጥነትዎ አስደስቶኛል። ማስጠንቀቂያውን ይዞ የመጣው ባለሙያዎ ከወንበሬ አስነስቶኝ ፍላሹን በገዛ እጁ ሰካው። ፋይሉን ከየት አወረድከው ብዬ ብጠይቀው፣ የአምራቹ ድረ ገጽ ስለተንቀራፈፈበት ፈጠን ካለ ሌላ ድረ ገጽ እንዳገኘው በኩራት ነገረኝ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሉታል፤ የእርስዎ መምሪያ ቅልጥፍና ይለዋል።

4. ረቡዕ ጠዋት ከፍላሹ የገባው ቫይረስ ኮምፒውተሩን ከነመዝገቡ ቆለፈው። የወረቀት መዝገባችንን ኋላ ቀር ነው ብለው ባለፈው ዓመት በደብዳቤ አስወግደውልናል። በማይክሮስኮፕ በሚታዩት አርባ አንድ የታካሚ ናሙና መስታወቶች ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው፤ የትኛው ቁጥር የማን እንደሆነ የሚያውቀው ያ ኮምፒውተር ነበር። «መነጽር» የምንላቸው አዛውንት ባለሙያችን አርባ አንዱንም መስታወት እንደገና አዩ። በስድስቱ ላይ ክፉውን በሽታ አገኙ። ስድስት ሰዎች ሳይውሉ ሳያድሩ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋቸዋል፤ እነማን እንደሆኑ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ አርባ አንዱም ሰው እንደ አዲስ ናሙና ሊሰጥ፣ እንደ አዲስ ሳምንታት ሊጠብቅ ነው።

ከአርባ አንዱ አንዷ ታላቅ እህቴ ናት። ልብስ ሰፊ ናት፤ እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ናሙናው የተወሰደው ከጡቷ እብጠት ነው። በየጠዋቱ መርፌዋን በከንፈሯ እንደያዘች ቀና ብላ ውጤቷ ደርሶ እንደሆነ ትጠይቀኛለች። ዓይኗን ማየት ስላቃተኝ በጓሮ በር መውጣት ጀምሬያለሁ። ሥራ ቦታም የመስታወቶቹን ትሪ እየዞርኩ ቁጥሮቹን አነባለሁ፣ ቁጥር ፊት ያለው ይመስል። ፈርቻለሁ፣ የተከበሩ ኃላፊ። ይህችን ያለ ምስጋና ነው የምነግርዎት።

5. ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ ያቋቋሙት አጣሪ ኮሚቴም ፖስታውንና ፕላስተሩን ሁለት ቀን ሙሉ መርምሮ ማህተሙ እውነተኛ መሆኑን አረጋግጧል። እፎይ ብለናል።

ልመናዬ ትንሽ ናት። የሚቀጥለው ማሻሻያ ከአምራቹ ከራሱ ይውረድ፤ መለያው ሳይመሳከር ፍላሹ አይሰካ፤ የማይመሳሰል ሲገኝ ያገኘው ሰው ይሰማ። ኋላ ቀሩን መዝገባችንንም ይመልሱልን።

ለማህተምዎ ቀለም፣ ለእርስዎም መልካም እንቅልፍ እየተመኘሁ፣ እኔ ሁለቱንም ያጣሁት

ከታላቅ አክብሮት ጋር
ማስጠንቀቂያ የተሰጣት መዝገብ ያዥ

ግልባጭ፦
ለአርባ አንዱ ታካሚዎች (ስማቸው ስለተቆለፈ ለቀጠሮ ሲመጡ በር ላይ የሚሰጣቸው)

ማሳሰቢያ፦ ይህ ደብዳቤ ማህተም የለውም። የእኔ መሆኑን ከተጠራጠሩ ወደ ቤቴ ደውለው ይጠይቁ፤ ማረጋገጥ ማለት ይኸው ነው፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ስልኩን እህቴ ካነሳችው ግን በእኔ ላይ እንዳደረጉት አይዝጉባት። ከሆስፒታሉ መደወልዎን ስትሰማ የምትጠይቅዎት አንድ ነገር ብቻ ነው።